በእንግሊዝኛ የተነገረ የክርስትና ስም

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ለተማሪዬ ለሰናይት ድምፅ የመለሰው ሰው ልጅ አይደለም። ትልቅ ሰው ነው፣ ወንድ ነው፣ ድምፁ ዝግ ያለ ነው። በእረፍት ሰዓት የተማሪዎቼን የድምፅ ቅጂ የሰማ አለ ወይ ብዬ ስልኬን ስከፍት አገኘሁት። ሰናይትን በክርስትና ስሟ ይጠራታል። አንዴ አይደለም፣ አፉ እስኪለምደው ይደጋግመዋል። ከዚያ በእንግሊዝኛ «ቆንጆ ስም ነው» ይላል። «ቤትሽ ለቤተ ክርስቲያኖቹ ቅርብ ነው? ፎቶ ላኪልኝ።»

የልጅቷን ቅጂ ላጠፋው ተጣደፍኩ። ስልኩ «ይጥፋ?» አለኝ፣ «አዎ» አልኩት፣ ትንሿ ክብ መዞር ጀመረች። እየዞረች ደወል ተደወለ። እየዞረች ክፍል ገብቼ አስተማርኩ። ምሳ ሰዓት ላይም ትዞራለች። ኔትወርኩ ሄዷል፣ በከተማው በሙሉ ነው አሉ። መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም።

በቅጂው ውስጥ ያለው ይሄ ነው፦ ስሟ። የክርስትና ስሟ። የእናቷ ስም። ላሊበላ። አራተኛ ክፍል። መጨረሻ ላይ ሳቋ።

ቅጂው አሁንም እዚያ ተቀምጧል። እኔ ጋ ኔትወርክ ጠፋ ማለት ሌላው ዓለም ጋ ጠፋ ማለት አይደለም። ማንም ከፍቶ ይሰማዋል። እራት አልበላሁም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ኔትወርክ የለም። ሰናይት ቀርታለች።

ጓደኞቿን «ምን ሆና ነው?» አልኳቸው። «አሟታል ቲቸር» አሉኝና እርስ በርስ ተያዩ።

ነገሩን ለራሴ ከሥሩ ላስረዳው። ክፍሉ ጢም ያለ ነው፣ መጽሐፉ ለሦስት ነው። «ተናገሩ» ስላቸው እንደ ድንጋይ የሚቀመጡ ልጆች ስልክ ሳቀርብላቸው ግን ይናገራሉ። በነጻ የሚሠራ ገጽ አገኘሁ። ልጆች በእንግሊዝኛ ተናግረው ድምፃቸውን ይልካሉ፣ ሌላ አገር ያሉ ልጆች ይመልሱላቸዋል። ትልቅ ነገር ነበር። ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ አፏን ከፍታ የማታውቅ ልጅ «ዝሆን እወዳለሁ» ስትል ሰምቻለሁ። ዝሆን አይታ አታውቅም፣ ግን በእንግሊዝኛ ትወደዋለች።

ባለፈው ሳምንት ከወዲያ ያሉት ልጆች «ሌላ ስም አላችሁ?» ብለው ጠየቁን። እነሱ መሀል ላይ የሚገባ ስም አላቸው መሰለኝ። እኔ ሞኟ ደግሞ ደስ አለኝ፣ አዲስ ዓረፍተ ነገር መጣልኝ ብዬ። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩላቸው፦ ስሜ እንዲህ ነው፣ የክርስትና ስሜ እንዲህ ነው፣ የእናቴ ስም እንዲህ ነው። ልጆቹ ዝም አሉ። ዓይን አፋርነት መሰለኝ። ስልክ የምትወደዋ፣ ደፋሯ ሰናይት ብቻ ተነሥታ አንድም ሳታስቀር ተናገረችው። አጨበጨብኩላት።

እኔ ከዚሁ ከወሎ የኮን ልጅ ነኝ። የክርስትና ስም ለማንም እንደማይነገር ያወቅሁት ፊደል ሳልቆጥር ነው። እሱንና የእናትን ስም አንድ ላይ የያዘ ሰው መተት ይሠራበታል ይባላል። እናቴ የኔን ስም ለንስሐ አባታችን ስትነግር እንኳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ አፌ ተከፍቶ አይጠይቅም ነበር። በእንግሊዝኛ ሲሆን ግን ምስጢር ምስጢር አልሸተተኝም። የክፍል ጥያቄ ብቻ መሰለኝ።

ሌላም አለ። ገጹን ስከፍት «ማን ይስማ?» የሚል ረጅም ማብራሪያ ነበረው። ረጅም ስለሆነብኝ ሳላነበው «እሺ» አልኩት። የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ እንግዲህ።

ለሰይድ ነገርኩት። ሒሳብ ያስተምራል፣ የመርሳ ልጅ ነው፣ ስልክ ሲበላሽብን የምንሮጠው ወደሱ ነው።
«አብሽሪ፣» አለኝ፣ «ሥራ የፈታ የፈረንጅ ሽማግሌ ይሆናል።»
«ካልሆነስ?»
«ካልሆነም አብሽሪ።»
ሳቄ መጣና መሀል ላይ ተቋረጠ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ከትምህርት በኋላ እነ ሰናይት ቤት ሄድኩ። እናቷ እትዬ አገሬ ስፌት ሰፍታ ለእንግዳ ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ በኋላ ያላት ይህችው ልጅ ናት። ስፌቱ ተገልብጦ ጥግ ላይ ተቀምጧል፣ ሰሞኑን አልነካችውም። ሰናይት ፊቷ ቀልቶ ተኝታለች። እኔን ስታይ ልትናገር ሞከረች፣ ድምፅ የላትም።

«ጤና ጣቢያ ወስጃት ነበር፣» አለች እትዬ አገሬ። «ጉሮሮዋ ነው ብለው ሽሮፕ ሰጡን።»
«ጉሮሮ ከሆነ ቀላል ነው» አልኩ።
«በጉሮሮዋ አይደል የተናገረችው?»

ድምጿን አላነሣችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«የክርስትና ስሟን ለስልክ አስነግረዋታል አሉኝ። እውነት ነው ቲቸር?»
«ለልምምድ ነው።»
«ለማን ነው የተነገረው?»
«ለክፍሉ ነው» አልኳት። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ሽሮፑን ሳታቋርጥ እንድትሰጣት ነግሬ ወጣሁ። ልጅቷ የጉሮሮ ሕመም ነው ያለባት። በዚህ ብርድ ግማሹ ክፍል ያስላል። ይሄን አውቃለሁ። ታዲያ ለምንድነው መንገዱን ሁሉ ያንን ስም በልቤ ስለው የመጣሁት? እንዳይሰማብኝ ይመስል አፌን በነጠላ ይዤ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ኔትወርክ የለም።

ዛሬ ሁለት እናቶች ርዕሰ መምህሩ ዘንድ መጥተው ነበር። ልጆቻቸው ስሙን አልተናገሩም፣ ግን ማረጋገጥ ፈለጉ። ርዕሰ መምህሩ ጠርቶ «ይሄ የስልክ ትምህርት ለጊዜው ይቁም» አለኝ። አልተከራከርኩም። ክፍል ስገባ ሰዓት ለማየት ስልኬን ባወጣው ፊት ለፊት የተቀመጠው መላኩ አፉን በሁለት እጁ ከደነ። ሌሎቹም ተከተሉት። ክፍሉ በሙሉ አፉን ይዞ ያየኛል።

ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ በኋላ ነው እጃቸውን ያወረዱት።

ከሰዓት በኋላ ከበሩ ውጭ ኮፍያ ያደረገ ፈረንጅ ቆሞ ግቢውን ሲያይ አየሁ። ሽማግሌ ነው፣ ብቻውን ነው፣ አስጎብኚ የለውም። ዞር ሲል ከኋላው ተከተልኩት፣ እስከ ታችኛው ሱቅ ድረስ። ለባለሱቁ በእጁ የሆነ ነገር ያስረዳል። ጠጋ ብዬ ሰማሁ፣ ሽንት ቤት ነው የሚፈልገው። አሳየሁት። አመሰገነኝ። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ያ ሰውዬ አይደለም። ብቻዬን ሳቅሁ።

አንድ ደግ ነገር፦ መላኩ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመና ያለ ስልክ፣ ያለ ሰሌዳ «ቲቸር፣ ሰናይት ነገ ትመጣለች?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። አላውቅም አልኩት፣ እኔም በእንግሊዝኛ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

አልመጣችም።

የሚያስፈራኝን ብዘረዝረው ይቀለኝ ይሆን? ሰውዬው። ቅጂውን የሰሙ፣ የማላውቃቸው ሌሎች። ልጅቷ ቢብስባት። ባይብስባት እንኳ እናትዬው ዕድሜ ልኳን ልጇ በታመመች ቁጥር እኔን ብታስብ። ልጆቹ ዳግመኛ አፋቸውን ባይከፍቱ። አልቀለለኝም።

ሰይድ ወሬ ይዞ መጣ። አስጎብኚዎቹ እንደነገሩት ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም ሲወጣ ጫፉ አካባቢ አንዳንዴ ከሌላ በኩል ኔትወርክ ይይዛል። እሑድ ኅዳር ጽዮን ናት፣ ሕዝብ ይወጣል። እትዬ አገሬም ለልጅቷ ጸበልና እምነት ልታመጣ እንደምትወጣ ጎረቤቷ ነግራኛለች።

አብሬያት እሄዳለሁ። እነግራታለሁ። ይሄን የጻፍኩት ነገ ሐሳቤን እንዳልቀይር ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ኔትወርክ የለም። ልብስ አጠብኩ። ስልኬን ሞላሁ። ሐሳቤን ለመቀየር የሚበቁ ምክንያቶች አገኘሁ፣ ሁሉም ጥሩ ጥሩ ናቸው። ሰው ልኬ «አብረን እንውጣ» አልኳት። «እሺ ይምጡ» አለች።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ሰናይትን አክስቷ ትጠብቃታለች። ሌሊቱን ትኩሳቱ ትንሽ ጋብ ብሎላታል አለች እትዬ አገሬ፣ ግን ውኃ እንኳ በግድ ነው የምትውጠው። ነጭ የለበሰ ሰው ከፊትም ከኋላም ይወጣል። እኔ ቶሎ ቶሎ ይደክመኛል፣ እሷ አይደክማትም። ቆማ ትጠብቀኛለች፣ ስደርስ ትሄዳለች።

አንድ ወይራ ሥር አረፍን። «እትዬ አገሬ፣» አልኩ፣ «ለክፍሉ አልነበረም።»

ሁሉንም ነገርኳት። ገጹን፣ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን፣ ሳላነበው «እሺ» ያልኩትን፣ ሰውዬውን፣ ኔትወርኩን። እየተናገርኩ አፈር አፈሩን ነው የማየው። ስጨርስ ቀና ብል ተነሥታ ነጠላዋን እያስተካከለች ነው። መንገዷን ቀጠለች። ተከተልኳት። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ በገደል አፋፍ ነው የሚሄደው። ዞራ አላየችኝም። እውነቱን ልጻፍ፣ ፈራኋት።

በዓለቱ ስንጥቅ አልፈን ጫፉ ላይ ስንወጣ ስልኬ እጄ ላይ ትር ትር ማለት ጀመረ። የሳምንቱ መልእክት ሁሉ ይወርዳል። ገጹን ከፈትኩት። ሰውዬው ሌላ ቅጂ ልኳል።

እትዬ አገሬ አጠገቤ ቆማለች። «አሰሚኝ» አለችኝ። እስከ ዛሬ «እርስዎ» ነበር የምትለኝ።

አሰማኋት። አንደኛውንም ሁለተኛውንም። በሁለተኛው ስሙን ጠርቶ «አለሽ ወይ?» ብቻ ነው የሚለው። ልጇ በማታውቀው ሰው አፍ ስትጠራ ሰማች። ጥርሷን ነክሳ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ሽማግሌ ነው፣» አለች። «ደግ ይሁን ክፉ ግን ድምፁ አይናገርም።»
«እኔም አላወቅሁም።»
«አጥፊው።»

የልጅቷን ቅጂ አጠፋሁት። በዚህኛው ጊዜ ክቧ ብዙም አልዞረች፣ «ጠፍቷል» አለኝ። ሰውዬውን ዘጋሁት፣ ለገጹ ባለቤቶችም ከሰስኩት፣ የክፍሉን ቅጂ በሙሉ ሰረዝኩት። ዝሆን የምትወደዋም አብራ ሄደች።

«ከሰውዬው ዘንድስ ጠፋ?»
«አላውቅም እትዬ አገሬ። አስቀርቶት ሊሆን ይችላል።»

ልዋሽ እችል ነበር። ብዋሽ ደግሞ ታምነኝ ነበር መሰለኝ።

ቁልቁል አየች። ከታች ከተማው ይታያል፣ ከበሮው ከወዲያ ይሰማል። ከዚያ ፊቷን አዙራ ዓይኔን እያየች «ያንቺ የክርስትና ስም ማነው?» አለችኝ።
ሰምቻለሁ፣ ግን «አቤት?» አልኩ።
«የልጄን የማላውቀው ሰው ይዞታል። ያንቺን ደግሞ እኔ ልያዝ። የእናትሽንም ንገሪኝ።»

ፈገግ አላለችም። እናቴ ትዝ አለችኝ፣ ኮን ካለው ቤታችን ስወጣ «ስምሽን ለማንም እንዳትነግሪ» ያለችኝ። የማስተምር ሰው ነኝ፣ ኮሌጅ የጨረስኩ ነኝ፣ ይሄን የመሰለውን አላምንም ስል የኖርኩ ነኝ። በጆሮዋ ነገርኳት፣ የኔንም የእናቴንም።

ራሷን ነቀነቀችና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገባች። እኔ ውጭ ቀረሁ። ስትመለስ ጸበሉን በጀሪካን ይዛለች። ቁልቁለቱን ስለ ልጅቷ ሽሮፕ ብቻ አወራን።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ሌሊቱን ሆዴን ሲቆርጠኝ አደረ። የጾም ሽሮ ነው አልኩ፣ ድካም ነው አልኩ። ተነሥቼ ውኃ ጠጣሁ። አንዲት የተናደደች እናት ስሜን ከነእናቴ ይዛ ከኔ ማዶ ተኝታለች፣ ወይም አልተኛችም። አላምንም የምለው ነገር ሁሉ ቀን ቀን ብቻ የሚሠራ ነው ለካ። እሷ ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ነው ያሳለፈችው፣ ያውም በልጇ።

ጠዋት ላይ ኔትወርኩ በከተማው ተመለሰ። ገጹን ደግሜ አየሁ፣ የኛ ነገር የለም። የሌለ መሆኑ ሰውዬው ጋ የለም ማለት አይደለም። ከዚህ ጋር እንግዲህ እኖራለሁ።

ሰናይት መጥታለች። ከሳ ብላለች፣ አንገቷ ላይ የእናቷ ሻሽ ተጠምጥሟል። ሽሮፑንም ጸበሉንም ጠጥታለች፣ የትኛው እንዳዳናት ክፍሉ ውስጥ ክርክር ተነሥቶ ነበር፣ ዝም አሰኘኋቸው። ድምጿ ገና ሻካራ ነው። ሌሎቹ ሲወጡ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች።

«ቲቸር፣ እማዬ እኮ ማታ ማታ ስትጸልይ የኔን ስም ብቻ ነበር የምትጠራው።»
«እሺ?»
«ትናንት ሁለት ስም ጠራች። እንዲምራት፣ እንዲጠብቃት እያለች። አንዷ እኔ ነኝ። ሌላዋን አላውቃትም። ማናት ብላት ዝም በይ አለችኝ።»

ሻሿን ጠበቅ አድርጌ አሰርኩላትና ከብርዱ ወደ ፀሐይ ውጪ አልኳት።