በጾም ወተት የሚቀምስልኝ

ሰኞ፣ ኅዳር 27። ከጠዋቱ 1 ሰዓት

ዛሬም ማርቆስ ወተቱን ቀምሶ ይተፋል፣ እኔ መለኪያዋን እነክራለሁ፣ ሌንሳ ትመዘግባለች። ሦስታችንም አንነጋገርም።

ደብተሬ፣ ታውቂዋለሽ፣ ግን ስናደድ መድገም ይቀለኛል። መለኪያዋ የምትይዘው ወተቱ ላይ ውኃ የጨመረን ሰው ብቻ ነው። ላሟ ልትነጥፍ ስትል ወይም ጡቷን ሲያማት ወተቷ ጨው ጨው ይላል። አንድ እንዲህ ያለ ጀሪካን ከሌላው ጋር ከተደባለቀ ሁሉንም ይዞት ይሄዳል። ያንን የሚያውቅ ምላስ ብቻ ነው። የእኔ ምላስ ደግሞ ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾም ላይ ነው። ስለዚህ በጾም ወራት የሚቀምስልኝ ማርቆስ ነው። ጴንጤ ነው፣ የእኛ ጾም አይመለከተውም። ከሆሳዕና ለግንባታ ሥራ ሱሉልታ መጥቶ፣ ሕንፃው ሲቆም እኛ ጋ ወተት ለማውረድ ገባ። ይኸው ስንት ጾም አብረን አሳለፍን።

አሁን ሌንሳ እሱን ካላገባሁ ትላለች። የእኔ ልጅ! በሂሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ያላት! ቅዳሜ ማታ ምሳ ዕቃ እያጠበች፣ እንደ ቀላል ነገር። በቁሜ አይሆንም አልኳት። ጉደታ፣ አባት ተብዬው፣ የፒካፑን ጎማ ሊያይ ወጣ። ጎማው ምንም አልሆነም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 28። 12፡30

ትናንት ከሰዓት ተማሪዎቹ ለተቃውሞ ወጡ። ከተማዋ ወደ እኛ የምትሰፋበትን ማስተር ፕላን ነው የሚቃወሙት። ኦቦ በዳዳ፣ ዋናው ወተት አቅራቢዬ፣ የግጦሽ መሬታቸው አስፋልት ዳር ነው። ከተማዋ እንጦጦን ተሻግራ መጥታ ትበላኛለች ብለው እንቅልፍ አጥተዋል። አልፈርድባቸውም።

አስፋልቱ ላይ ጎማ ሲቃጠል አድሯል። ሱቁ ሁሉ በግማሽ በር ነው። ሙሉ ከከፈትሽ ልጆቹ ያዩሻል፣ ሙሉ ከዘጋሽ ቀበሌ መጥቶ ያሽግብሻል። እኔም ግማሽ። ለወፈረ ሰው ግማሽ በር ቅጣት ነው።

ጉደታ ወተት አይጠብቅም ብሎ ወደ ከተማ ሊጭን ነው። ማርቆስ አብሮት ይሄዳል። ሲጭን ጠርቼ ነገርኩት፤ ከገና በኋላ ሌላ ሥራ ይፈልግ። እሺ እትዬ አለኝ። ቢከራከረኝ ይሻለኝ ነበር። ጀሪካኑን አንስቶ ሄደ።

ማታ 2 ሰዓት። አልመጡም። ሁልጊዜ ለምሳ ይደርሱ ነበር። ስልክ አይሠራም፣ ኔትወርኩ ሞቷል። ቆመው ይሆናል። መንገድ ተዘግቶ ይሆናል። ሌንሳ መስኮቱ ጋ ናት። እራት አልበላችም፣ እኔም አልበላሁም፣ ግን ለእሷ አልነገርኳትም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 29

የሉም።

ላሞቹ ግን ይታለባሉ። ሰው በአህያ፣ በፈረስ፣ በትከሻ ይዞ መጥቶ በራፌ ላይ ተሰልፏል። መኪና የለኝም፣ ቀማሽ የለኝም። ሂዱ ልበል? ኦቦ በዳዳ ቀርበው አከም ቡልቴ፣ ያ ኢንተላ፣ እንዴት አደርሽ አንቺ ልጅ አሉኝ። አግብቼ ወልጄ እስካሁን ልጅት ነው የሚሉኝ። ከዚያ ጀሪካናቸውን እያዩ፣ የት ልድፋው ብለው ጠየቁኝ። 

አሰብኩ። ከተማ ካልሄደ ይርጋና ይናጥ። ቅቤ አይበላሽም። ገና ሲደርስ ጾም የፈታ ሁሉ ቅቤ ፈላጊ ነው። ግን አንድ ጨዋማ ጀሪካን ከገባ ሁሉም ቅቤ ሊበላሽ ነው። አሽትቼ እንዳልሞክረው አፍንጫዬን ጉንፋን ይዞታል። ሌንሳም ጾመኛ ናት፣ እሷን ቅመሺ አልላትም።

አማተብኩና ቀመስኩ።

ተፋሁት። ሁለተኛው። ተፋሁ። ሦስተኛው ላይ ትንሽ የወረደ መሰለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ጣፈጠኝ። ሌንሳ እስክሪብቶዋን ይዛ አፏን ከፍታ ታየኛለች። ከዚያ ሳቀች። ከቅዳሜ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሁለታችንንም እኩል ቀማሹ ትዝ አለን።

ጨው ጨው ያለኝ የማን ሆነ? የኦቦ በዳዳ። ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስፈራ አንገታቸውን አቀረቀሩ። ያቺ ቡሬዋ ላሜ ልትነጥፍ ነው፣ ማርቆስ ባለፈው ነግሮኝ ተጣልቼዋለሁ አሉ። የእሷን ለብቻዋ ይለዩ አልኳቸው፤ እሺ ብለው የሌሎቹን አወረዱልኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 30

ዛሬ መጻፍ አልፈልግም ነበር።

ዳቦ ቤት ወሬ ሰማሁ። እንጦጦ መውረጃው ላይ ነጭ ፒካፕ ተቃጥሏል። ሰው ነበረበት? አንዱ ነበረበት ይላል፣ አንዱ አልነበረበትም ይላል። የእኛ ፒካፕ ነጭ ነው። ዳቦውን ትቼው መጣሁ።

ሌንሳ ከእኔ ቀድማ ሰምታለች። ወተት ማርጊያው ጋ ቁጭ ብላ ባዶ ባልዲ ታቅፋለች። ልገስጻት አልቻልኩም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሁለታችንም አንድ መኪና ነው የምንጠብቀው። እኔ ባሌን ስጠብቅ እሷም የእሷን ሰው ትጠብቃለች፣ ልዩነቱ የእኔ ቀለበት አድርጓል፣ የእሷን እኔ ከልክዬዋለሁ። ይህን ሐሳብ አልወደድኩትም። ግን መጣ።

ሥዕለ ማርያም ፊት ቆምኩ። ጉደታን መልሽልኝ ልል አፌን ስከፍት፣ መልሻቸው አልኩ። ሁለቱንም። ራሴን ሰማሁት።

ከሰዓት ኦቦ በዳዳ ፈረሳቸውን ጭነው መጡ። በአስፋልቱ አይደለም፣ በጓሮ በኩል በባሕር ዛፉ ውስጥ ሄጄ የተቃጠለችውን መኪና በዓይኔ አያለሁ አሉ። እንዴት ይሄዳሉ፣ ብቻዎን፣ በዚህ ዕድሜ አልኳቸው። ወተቴን ለስንት ዓመት የተቀበለኝ ቤት ነው ብለው ፈረሱን መቱት። ጋቢያቸው ከዓይኔ እስኪጠፋ በር ላይ ቆምኩ። በሙሉ በር። ማንም ይየኝ።

ዓርብ፣ ታኅ. 1። ረፋድ

ኦቦ በዳዳ መጡ! ከፈረስ ሳይወርዱ ነው የጮኹት። የእናንተ አይደለም! የተቃጠለችው ጋቢናዋ ድርብ ነው፣ የእናንተ ነጠላ። ሰውም አልነበረበትም። ተመስገን። እዚያው የወተት ሚዛኑ ላይ ተቀመጥኩ። ሚዛኑ አልተሰበረም፣ ተመስገን ለዚያም።

ደግሞ አንድ ሾፌር አግኝተዋል፤ ማክሰኞ ዕለት የእኛን ፒካፕ ወደ ቡራዩ ሲሄድ አይቻለሁ ብሏቸዋል። ቡራዩ ምን ሊሠሩ? የእኛ መንገድ አይደለም። ግን ሄደዋል ማለት በሕይወት አሉ ማለት ነው። ሌንሳ የኦቦ በዳዳን ጉልበት ሳመች። ፈረሱንም ልትስም ነበር።

የመጀመሪያውን እርጎ ናጥን። ተራ በተራ። ክንዴ የራሴ አይመስለኝም። ቅቤው ወጣ፣ ቢጫ፣ ንጹሕ። አልቀመስኩትም፣ በዓይኔ ብቻ።

ቅዳሜ፣ ታኅ. 2

መጡ መጡ መጡ።

ከሰዓት ጥሩንባዋን ሰማሁ። የጉደታን ጥሩንባ አውቃታለሁ፣ ጉንፋን እንደያዘው ፍየል ነው የምትጮኸው። ነጠላዬን ሳልይዝ ወጣሁ። ጉደታ ወረደ፣ ጢሙ አድጓል፣ ከስቷል፣ ይስቃል። ሃደ ሌንሳ አለኝ፣ የሌንሳ እናት፣ እንደ ወትሮው፣ ልክ ለምሳ ትንሽ እንደዘገየ ሰው። መታሁት። ከዚያ አቀፍኩት። መንገድ ላይ፣ ጎረቤት እያየ። ግድ የለኝም።

ማርቆስ ከኋላ ባዶ ጀሪካኖቹን ያወርዳል። ሌንሳ ፊቱ ቆማለች። አልተነካኩም። እኔ ስላለሁ ነው። ዞር አልኩላቸው፣ ጉደታን ይዤ ገባሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ወተቱን አስረክበው ሲመለሱ የእንጦጦ መንገድ ተዘጋ። በቡራዩ ዞሮ የሚወጣ መንገድ አለ ብሏቸው አንድ ሰው፣ ሄዱ። እዚያ ደግሞ ፊቱም ኋላውም ተዘጋ። ማርቆስ ቡራዩ ውስጥ የአገሩ ልጆች የሚጸልዩበትን አዳራሽ ያውቃል። ፒካፑን ግቢው ውስጥ ደብቀው እዚያው አዳራሽ ምንጣፍ ላይ አደሩ። ባሌ፣ የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኛ፣ ጴንጤዎች ሲዘምሩ እያመሸ! ጥሩ ዜማ አላቸው ይለኛል። ዝም በል አልኩት።

ዛሬ መንገዱ ትንሽ ከፈት ሲል ወጡ። አንድ ቦታ ወጣቶች ድንጋይ ደርድረው አስቆሟቸው። ጉደታ በኦሮምኛ አዋራቸው፣ የማን ልጅ እንደሆነ ነገራቸው፣ ባዶውን ጀሪካን አሳያቸው። ድንጋዩን ራሳችሁ አንሱ፣ ስታልፉ መልሱት አሏቸው። አንስተው፣ አልፈው፣ መልሰው ደርድረው መጡ። ማርቆስ ከነበረው አሳምሮ ነው የደረደረው አሉ።

አሁን ግን ዋናው። ምን ስትበላ ከረምክ፣ ጾምህንስ ፈታህ ወይ አልኩት። ጉደታ ሳቁን አቆመ። የአዳራሹ ሴቶች በቅቤ ወጥ ሠርተው ነበር። እሱ ገና አፉን ሳይከፍት ማርቆስ ወጥ ቤት ገብቶ ነግሯቸዋል፤ እኚህ አባት ጾመኛ ናቸው። ለአንድ ሰው ብለው በሌላ ድስት፣ በዘይት፣ ለብቻ ሽሮ ሠሩ። በየቀኑ። ማርቆስም ከዚያ ቅቤ አልነካም። ጉደታ ብቻውን እንዳይበላ ብሎ ያንኑ የጾም ሽሮ አብሮት በላ፣ እስከ ዛሬ ጠዋት።

ጀሪካን ማጠቢያው ጋ ሄጄ አለቀስኩ። የሚታጠብ አልነበረም። ማርቆስ ሁሉንም አጥቦ ነው ያመጣቸው።

እሑድ፣ ታኅ. 3። ባታ

ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቴን አገኘሁ። ወተት ቀመስኩ አልኳቸው። ዋጥሽ? ትንሽ ወረደብኝ መሰለኝ። መሰለሽ ወይስ ጣፈጠሽ? ነጠላዬን አስተካከልኩ። ሳቃቸውን በመስቀላቸው ሸፈኑና ስግደት ጨመሩብኝ። ይገባኛል። ቀሎኛል።

ስመለስ ማርቆስን ጠርቼ ከገና በኋላ የትም አትሄድም አልኩት። እሺ እትዬ አለኝ። ይሄ ልጅ ሌላ ቃል አያውቅም? ልዞር ስል፣ ቅቤው ጥሩ ወጥቷል፣ የቡሬዋን ወተት ማን ለየው አለ። እኔ አልኩት። ዓይኑ ፈገገ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየሁት። ደህና ፊት ነው።

ረቡዕ፣ ታኅ. 6

መንገዱ ጋብ ብሏል። ወተት ግማሽ ግማሹ ወደ ከተማ እየሄደ ነው፣ ግማሹን እንንጣለን። ኦቦ በዳዳ መሬታቸው ምን እንደሚሆን አሁንም አያውቁም፣ ማንም አያውቅም። ግን ዛሬ ሌላ ነገር ይዘው መጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ልጁ ወላጆቹ ሩቅ ናቸው፣ ሽማግሌ የለውም፣ እሑድ እኔ ሽማግሌ ሆኜ ብመጣ ምን ትያለሽ አሉ።

ኦቦ በዳዳ! የእኔ ወተት አቅራቢ፣ በእኔ ላይ!

ሽማግሌ ፈቃድ ይጠይቃል ወይ ብዬ አፌን አጣመምኩ። ይምጡ አላልኩም። አይምጡ አላልኩም። ሲወጡ ሲያፏጩ ሰማኋቸው።

ለጉደታ ብነግረው፣ እኔም ከእሳቸው ጋር ሽማግሌ ሆኜ ብሄድስ አለ። የልጅቷ አባት ነህ እኮ! ልጄን ስጡኝ ልትል ነው? ለካ ረስቶታል። ያ ሁሉ ሽሮ አብሮ መብላት የሰው አእምሮ ያዞራል።

እሑድ፣ ታኅ. 10። ጠዋት

ከንጋት ጀምሮ ግቢውን እጠርጋለሁ። ሌንሳ ውስጥ ተደብቃለች፣ ወጉ ነው። ጉደታ ኮስታራ አባት መሆን እየተለማመደ ነው። መስታወት ፊት ግንባሩን ይቋጥራል፣ ይፈታል፣ ይስቃል። አይሆንለትም።

ሠርጉ በየትኛው ቤ/ክ ይሁን የሚለው ጠብ ገና አለ። ሌንሳ አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ እንደማትበጥስ ነግራዋለች። እሱም የራሱን እንደማይተው ነግሯታል። ተነጋግረውበታል፣ አልጨረሱትም። እኔም አልጨረስኩትም። አልዋሽሽም። ግን ቁጭ ብለን የምንጣላበት ሰው በሕይወት አለ። የዛሬ አሥር ቀን ሐሙስ ይህም አልነበረኝም።

ወጉ ደግሞ ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም። እንመካከር፣ ሌላ እሑድ ኑ ይባላል። ከዚያም ሌላ እሑድ። የእኔንም ሽማግሌዎች አባቴ ሲያመላልሷቸው ነው የከረሙት፤ ጉደታ እስካሁን ያማርርበታል። ጉደታ ዛሬም ስንት ጊዜ እንመልሳቸው ብሎ ጠየቀኝ።

ውሻው ይጮኻል። ጋቢ ይታየኛል በአጥሩ በኩል፣ ኦቦ በዳዳ ከፊት ናቸው። ማርቆስ ራቅ ብሎ አስፋልቱ ዳር ቆሟል፣ በማን ኮት እንደሆነ አላውቅም፣ እጅጌው አጥሮታል።

አልመልሳቸውም። ወጉ ይቅር ይበለኝ። መኪና ስጠብቅ የከረምኩት ለዕድሜዬ ይበቃኛል፣ ልጄን ደግሞ አላስጠብቃትም። ቁጭ ሳይሉ፣ ገና በራፍ ላይ እንዳሉ እሺ እላቸዋለሁ።