የልቤን ምት የሚቆጥረው ሰዓት

ልጄ፣ የያዝሽው ሁሉ ይባረክልሽ፤ እኔ ደህና ነኝ።

የላክሽልኝን ሰዓት አስሬ ስፌት ቤት ገባሁ። ሴቶቹ አለቃችንን ሲያሙ ሰዓቱ እጄ ላይ ብልጭ አለ። በማግስቱ አለቃው ያሙትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገራቸው። በቃ፣ ሃያ ዓመት መርፌ አብረውኝ ለተዋዋሱ ሴቶች ጆሮ ጠቢ ሆንኩላቸው! «የልብ ምቴን ነው እኮ የሚቆጥረው» ብላቸው፣ አጠገቤ የምትሰፋው ጎረቤታችን «የእኛንስ?» አለችኝ። አሁን እኔ ስገባ ወሬው ይቆማል፤ የሚሰማው መቀስ ብቻ ነው።

ዛሬ እፊታቸው ፈትቼ የልብስ ቁልፍ የምናስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ጣልኩት። ማንም ቀና አላለም።

ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። ስልክሽ ላይ የልቤ ምት ቢጠፋ አትደንግጪ፤ አለሁ። ግን ደውይልኝ፣ የሚያናግረኝ ሰው የለም።

እናትሽ