የተጠረገው ዳገት

ሰኔ 4
ዛሬም ቅጠል ጠረጋ። ከቤታችን በላይ፣ ዳገቱ ላይ ባለው ባህር ዛፍ ስር አንዲት ደረቅ ቅጠል ከቀረች አባዬ ደስ አይለውም፤ ዳቦ ቤቱ ለማገዶ ይወስድለታላ። ከሰዓት ካፊያ ጣለ። ካፊያ ብቻ። ግን ከዳገቱ ቀይ ውሃ ወርዶ ጓሯችን ገባ። አምናም እንዲህ ነበር እንዴ? አይመስለኝም...

ሰኔ 9
የጎረቤታችን ልጅ መርጋ ፍየል ጠፍታበት ከቤታችን ጎን ጎርፍ ከቆፈረው ቦረቦር ማዶ አብሬው ሄድኩ። እዚያ ማንም ያልተከለው የድሮ ጫካ አለ፤ ግራር፣ ወይራ፣ ቁጥቋጦ። እጄን አፈሩ ውስጥ ብሰድ እስከ አንጓዬ ገባ። ጥቁር፣ እርጥብ፣ ትል በትል። የኛ ዳገትስ? ከላይ ዱቄት፣ ከስር ሲሚንቶ።
"ምነው፣ ወርቅ ጠፋብሽ?" አለ መርጋ።
"ዝም በል። እዚህ የዘነበው ውሃ የት ሄደ?"
"መሬቱ ጠጣዋ።"
የኛ ለምን አይጠጣም?

ሰኔ 13
ቦረቦሩ እየተናደ ቤታችን ግድግዳ ስር ደረሰ። ታናሽ እህቴ ሉሊት የምትተኛው እዚያው ግድግዳ ጥግ ነው።
"አባዬ፣ ቅጠሉን እንተወው። አፈሩ ራቁቱን ቀረ እኮ።"
"ከዘጠነኛ ክፍል ተባርረሽ ነው ፕሮፌሰር የሆንሽው?"
"አልተባረርኩም፣ ራሴ ነኝ የወጣሁት። አፈርህ ግን ቆቃ ሐይቅ ገብቶ እየዋኘ ነው።"
መጥረጊያውን ወርውሬ ሰበርኩት። ንዴት ብቻ አልነበረም።

ሰኔ 14
የሉሊትን ፍራሽ ወደ እኔ ጎተትኩት። ይሞቀኛል ብላ አለቀሰች። ታልቅስ።

ሰኔ 17
ከምሳ በኋላ በቆቃ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ከዚያ ወረደው። ግድግዳው ከነምርጉ ሄደ። ጭቃው ገብቶ የቆመው የሉሊት ፍራሽ የነበረበት ቦታ ላይ።
አባዬ በር ላይ ቆሞ ጥጉን ብቻ ያያል። እንዲህ እንዲሆን አይደለም እኮ የተናገርኩት...

ሰኔ 21
የዳቦ ቤቱ ባለጋሪ መጣ። "ቅጠል የለም" አለው አባዬ፣ ቅጠል የሞሉ ከረጢቶች ፊቱ ተደርድረው። ከዚያ አንድ በአንድ ተሸክሞ ዳገቱ ላይ ዘረገፋቸው። እኔና ሉሊት በእጃችን በተንን። መጥረጊያ የለማ።
"ይበቃል?" አለኝ። እኔን ነው የጠየቀው።
"አላውቅም አባዬ።"
ያ ጫካ እንደዚያ ለመሆን ስንት ዘመን ፈጅቶበት ይሆን?
በቆቃ በኩል እንደገና ጠቁሯል። ሉሊት አጠገቤ ተኝታለች። ጫማዋን አላወለቅኩላትም።