ስለ መሞትህ ላሳውቅህ

ውድ ባለቤቴ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እዚህ ግን ባለፈው ማክሰኞ ሞተሃል። ከሰው አፍ ከምትሰማው ብዬ ራሴ ጻፍኩልህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሪያው ለሚያፈስበት ደሃ ቀበሌው ቆርቆሮ ያድላል ተባለ። የሰው ልብስ ሳጥብ የዋልኩበትን እጄን እንኳን ሳላደርቅ ሄጄ ተሰለፍኩ። መዝጋቢው ቀና ሳይል፣ «አባወራው ይምጣና ይፈርም» አለኝ።

«ቀለም ሊቀባ ሌላ ከተማ ከሄደ ስምንት ወሩ ነው።»

«እስኪመጣ ይጠብቁ።»

«ዝናቡስ ይጠብቅልኛል?»

«ሴት የምትፈርመው ከፈታች ወይ ባሏ ከሞተ ነው፣ ወይዘሮ።»

ለፍቺ ያንተ ፊርማ ያስፈልጋል። ለሞት ግን ሁለት ምስክር ይበቃል። ምን ላድርግ? ገደልኩህ።

አንደኛዋ ምስክር እናትህ ናቸው። መጀመሪያ «ክፉ አታናግሪኝ» ብለውኝ ነበር፤ ውሃው አልጋቸው ላይ ሲንጠባጠብ ግን ሐሳባቸውን ቀየሩ። ከመሰላል ወደቀ ልል ስል፣ «ልጄ መሰላል ላይ ጠንቃቃ ነው፤ የሳንባ ምች ይሁን» ብለው አስተካከሉኝ። ሁለተኛው ምስክር የሰፈራችን ጫማ ሰፊ ነው፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ ፈረመ። እናትህ የቢሮውን ጠረጴዛ ይዘው እንዴት እንዳለቀሱ ብታይ! መዝጋቢው ራሱ ዓይኑን ጠረገና ሁለት ቆርቆሮ ጨመረልን።

ስንወጣ፣ «ምነው እንዲህ አበዙት?» አልኳቸው።

«ስምንት ወር ሙሉ አንድ መስመር አልጻፈልኝም» አሉ። «ለቅሶውስ የእውነቴን ነው።»

እኔም ያኔ መንገድ ላይ አለቀስኩ። ተናድጄብሃለሁ፤ ናፍቀኸኛልም።

ቆርቆሮው ተመቷል። ትናንት ሲዘንብ ባልዲ ይዤ ተነሳሁና የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ። ቤቱ መሃል ቆሜ ብቻዬን ሳቅኩ።

አሁን ና። ለመዝጋቢው አዲስ ያገባሁት ነው እለዋለሁ፤ ጢምህን ተላጭተህ ብቻ ግባ። የቤተሰብ ኃላፊ በሚለው ቦታ ግን የኔ ስም ሰፍሯል፤ እሱን አላስነካም። አንተን «ጥገኛ» ከሚለው ሥር ይጽፉሃል። እኔ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ቤት እየቀለብኩ እዚያው ሥር ተጽፌ ኖሬያለሁ፤ አይገድልም።

መምጣትህን የምትጠብቀው ሚስትህ