«አንድ ሰዓት ነው» ያልኩህ መንገድ

አባዬ፣

ከተለያየን ሁለት ክረምት አልፎ ሦስተኛው ገባ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ የምነግርህ አጥቼ ሳይሆን ፈርቼ ነው።

ቤቱ እንደተውከው አይደለም። እማዬ ብቻዋን መኖር ስላቃታት ሁሩሙ ከተማ፣ ወንድሜ ደረጀ ዘንድ ገብታለች። አንተ ልብስ ትሰፋበት የነበረውን ክፍል አንድ ከሆሳዕና የመጣ ነጋዴ ተከራይቶ የሞባይል ዕቃ ይሸጥበታል።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ እስከ በደሌ ሸኝተኸኝ ነበር። ዝናብ ሲጥል ኮትህን አውልቀህ ሻንጣዬን ሸፈንክበት፤ አንተ በሸሚዝ ወደ መቱ ተመለስክ። ልብስ ሰፊ ሆነህ ሌላ ኮት አልነበረህም።

በተለያየንበት ዕለት ጠዋት ደረጀ እኔ ወዳለሁበት አዲስ አበባ ደውሎ ደረትህን እንዳመመህ፣ ሐኪሙም ቶሎ ጅማ ውሰዱት እንዳለ ነገረኝ። ከዚያ ስልኩን ሰጠህ። ድምፅህ ሰልሎ ነበር።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ መቼ ትደርሻለሽ?» አልከኝ።

«አይዞህ አባዬ፣ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ነው» አልኩህ።

ያልኩህ እስከ ጅማ ያለውን ብቻ ነው። ከጅማ መቱ ደግሞ በመኪና ግማሽ ቀን እንደሚፈጅ እያወቅኩ፣ እንዳትሰጋ ብዬ ዋጥኩት። አንተም የት እንደማርፍ አልጠየቅከኝም። ድሮ እዚያው መቱ አጠገብ፣ ጎሬ ሜዳ ላይ አውሮፕላን ሲያርፍ ያየህ ሰው ነህና እዚያ የምወርድ መሰለህ።

ጅማ የሚወስድህ መኪና ደጅ ቆሞ እምቢ አልክ። መንገድ ላይ እንተላለፋለን፣ አይቻት እሄዳለሁ አልክ። ደረጀ ለመነህ፣ እማዬ አለቀሰች። ደረጀ ደጋግሞ ሲደውልልኝ እኔ ስልኬን ዘግቼ ደመና ላይ ነበርኩ።

ጅማ ወርጄ ስከፍተው መናገር አቅቶህ ነበር። ደረጀ ተሸክሞ መኪና ውስጥ አስገባህ፤ ያዮ ሳትደርሱ አረፍክ። እኔ ገና አጋሮን ማለፌ ነበር። መቱ የገባሁት ድንኳኑ ከተተከለ በኋላ ነው። ሐኪሙ፣ በጠዋቱ ቢነሳ ኖሮ ይደርስ ነበር ማለቱን እዚያው ሰማሁ።

አሁን እዚያው አቅራቢያችን አውሮፕላን ማረፊያ ተከፍቷል፣ አባዬ። እውነትም አንድ ሰዓት ያህል ነው። ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ በአውቶቡስ ነው የምመለሰው።

እማዬ ያልኩህን አታውቅም። ለቅሶ ሊደርስ የመጣውን ሁሉ፣ «ግትርነቱ ነው የገደለው» ስትለው ከጎኗ ተቀምጬ ዝም አልኩ። ዛሬም ስትለው ዝም እላለሁ። ለእሷ የምነግርበት አንደበት የለኝም፤ ይኖረኛል ብዬም ተስፋ አላደርግም።

ቃል የምገባልህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው ሁሉ «ግትር ነበር» ቢልህም እኔ እስክሞት ይህን አልረሳም፤ አንተ ጅማ ሳትሄድ የቀረኸው ልጅህን አምነህ ነው።

ልጅህ ሰናይት