የይልቃል ተራ

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2009

የሒሳብ ፈተና ነበረን። ደህና ነበር። ከዚያ በባቡር ወደ ሆስፒታል። እንደ ሁልጊዜው።

እማዬ ቀድማኝ ደርሳለች። ሽንት ቤት ገብታ ልብስ ትቀይራለች። ጥቁሩን አውልቃ በፌስታል ትከታለች፣ አረንጓዴ ሹራቧን ትለብሳለች፣ ፊቷን ትታጠባለች። ይልቃል ክፍል የምትገባው ከዚያ በኋላ ነው። ወንድሜ አባዬ እንደሞተ አያውቅም። ኖቬምበር ላይ መኪናው በኖርዌይ በረዶ ተንሸራቶ ሲገለበጥ አብረው ነበሩ። አባዬ እዚያው... ይልቃል ደግሞ ጭንቅላቱን። አሁን ዓይኑን ይከፍታል፣ ይጨፍናል። ሌላ ምንም። ሐኪሙ «ሪፍሌክስ ነው፣ ሳያስበው በራሱ የሚሆን» ይላል።

የማይሰማ ከሆነ ለምንድነው የምንደብቀው? የሚሰማ ከሆነስ?

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 6

አዲስ ሰው መጣች። ኢንግቪል። የሙዚቃ ቴራፒስት ናት፣ በሙዚቃ የምታክም። ጊታር ተሸክማ፣ አንድ እግሯ ላይ ቀይ ካልሲ፣ ሌላው ላይ ሰማያዊ።

«ላዝናናው አይደለም የመጣሁት፤ ልጠይቀው ነው» አለች። በንግግር ሲጠይቁት መልስ የማይሰጥ ሰው፣ የሚያውቀውን ዘፈን ሲሰማ አንዳንዴ ይመልሳል አለች። በዓይኑ፣ በትንፋሹ፣ በአፉ። እሷ የምትፈልገው ያንን ነው። የወሩ መጨረሻ ላይ ስብሰባ አለ። ምልክት ካገኘች ወደ ማገገሚያ ሆስፒታል ይሄዳል። ካጣች ኮሙኑ፣ ማለት ማዘጋጃ ቤቱ፣ አረጋውያን መጦሪያ ሊያስገባው ነው። ይልቃል እኮ ሃያ አልሞላውም።

«የራሱ የሆነ ዘፈን ስጡኝ» አለች።

እማዬ መዝሙር ልትል አፏን ስትከፍት ቀደምኳት። የአባዬ የአውቶቡስ ዘፈን!

አባዬ አውቶቡስ ነጂ ነበር። በገዛ መኪናችን ስንሄድም ፌርማታ ይጠራል፣ ራሱ ባወጣው ዜማ። «ማዮርስቱን ደረስን... ካርል በርነር ደረስን... ሃውገንስቱዋ ደረስን...» እኔና ይልቃል ከኋላ ወንበር እንጮሃለን፤ «ወራጅ አለ!» አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ እንደዚያ ነው የሚባለው ብሎ ያስተማረን እሱ ነው።

ኢንግቪል በስልኳ ቀዳችኝ። ድምፄ የፍየል ነው። «በጣም ጥሩ፣ አድነው» አለች። ውሸታም።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 11

ዛሬ ተጀመረ። ጋሽ ገነነም መጣ፣ የአባዬ የሥራ ጓደኛ። ኢንግቪል ካሜራ አቆመች። መጀመሪያ ዝም ብላ ይልቃልን አየችው። ከዚያ ትንፋሹን ተከትላ አንጎራጎረች፣ ሲስብ ከፍ፣ ሲያወጣ ዝቅ። ከዚያ እሱ የማያውቀው አንድ የኖርዌይ ዘፈን። ከዚያ የእኛ።

«ሃውጌንስቱዋ ዴሬስን...»

በእሷ አማርኛ እማዬ ሳቀች! ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ አላየሁም።

ኢንግቪል ድንገት አቆመች። እኛ ሦስታችን በአንድ ድምፅ፣ «ወራጅ አለ!» ጋሽ ገነነ እንዲያውም አጨበጨበ። ደስ አለን። ይልቃል ግን ኮርኒሱን እያየ ነበር።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 12

ቪዲዮውን አሳየችን። እንዴት ያሳፍራል... እሷ ባቆመች ቁጥር እኛ ነን የምንጮኸው። አንዴም ዝም ብለን አላለፍንም።

«ክፍተቱን የምተወው ለእሱ ነው» አለች ኢንግቪል። ተረጎምኩ።

እማዬ ግራ ገባት። «ሰው ዘፈን ሲያወጣ ዝም ይባላል እንዴ? ነውር አይደለም?»

«ተቀባይ ማጣትን የመሰለ ውርደት የለም» አለ ጋሽ ገነነ። «እኔ በሠርጌ ቀን ደርሶብኛል።»

እሱንም ተረጎምኩ። ኢንግቪል ሳቀች፣ ከዚያ ትንሽ አሰበች። «ተቀባዩ ይልቃል ነው በላቸው። ግን ቀስ ብሎ ነው የሚደርሰው። እናንተ ትቀድሙታላችሁ።»

እማዬ አንገቷን ደፋች። «ልማዴ ነው» አለች። «ትልቅ ሰው ሆኖም ሻርፑን የማስርለት እኔ ነበርኩ።»

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 15

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዝም ማለት ተለማመድን። እኔ አወጣለሁ፣ እማዬ አፏን በሁለት እጇ ትይዛለች። ሳቅን። ከዚያ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 17

ሳልረሳው ልጻፈው።

ኢንግቪል ዘፈነች። «ሃውጌንስቱዋ ዴሬስን...» አቆመች። ዝም አልን። ዝምታው ረዘመ... ማሞቂያው ሲንሿሿ ይሰማል። እማዬ ክንዴን ጨመቀችኝ፣ ጥፍሯ ገባ። ምንም የለም ብዬ ዓይኔን ልነቅል ስል ይልቃል ትንፋሹን ያዘ። ከንፈሩ ተላቀቀ፣ ወደ ፊት ሾለ፣ «ወ» ሊል እንዳለ ሰው። ድምፅ የለም። አፉ ብቻ።

ኢንግቪል አልጮኸችም። የኖርዌዩን ዘፈን ዘፈነች፣ መሃል ላይ አቆመች። ምንም። ወደ እኛው ተመለሰች። ዓይኑ ከኮርኒሱ ወርዶ ወደ እሷ ዞረ። ከንፈሩ እንደገና።

«አየሽው? አየሽው?» አልኳት ኮሪደር ላይ።

«አዎ፣ አየሁት። ግን አንድ ቀን አይበቃም። ሰው የሚመኘውን ነገር ማየት ይቀናዋል፤ እኔም ጭምር።»

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 20

ተኝቶ ነበር። ምንም። እማዬ ምሳዋን አልበላችም።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 24

ትናንት መለሰ። ዛሬም መለሰ፣ ሐኪሙ እያየ! ከዚያ ስብሰባው ላይ ቪዲዮዎቹን ሁሉ ደጋግመው አዩ። «ሁልጊዜ አይደለም፣ ግን አለ» አለ ሐኪሙ። ብዙ ላይድን ይችላል፣ ላይናገር ይችላል... ግን አለ። ማገገሚያው ይቀበለዋል።

እማዬ ኢንግቪልን አቅፋ ሳመቻት። ኮሪደር ስንደርስ ግን ግድግዳውን ተደገፈች።

«ይሰማል ማለት ነው።»

«አዎ፣ እማዬ።»

«አዲ... ያንን ዘፈን ሲሰማ ማንን የሚፈልግ ይመስልሃል?»

በአባቱ ዘፈን እየጠራነው፣ አባቱን ደብቀነዋል።

«እንግዲህ ልብስ አልቀይርም» አለች። «ይረዳ።»

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 26

መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው፣ ሽማግሌ ባለበት። እዚህ ደግሞ ጠያቂ በማለዳ አይገባም። ለኢንግቪል ነገርኳት። ለምን በማለዳ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? «እኛ ዘንድ እንደዚያ ነው» አልኳት። ሄዳ አስፈቀደች። ሐኪሙ፣ «በአጭሩ ንገሩት፣ አታድበስብሱበት፤ ሊረሳው ስለሚችል ደግማችሁ ትነግሩታላችሁ» አለ።

ደግመን? መርዶ ይደገማል?

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 28

ነገርነው።

ጋሽ ገነነ ከረባት አስሮ መጣ። ይልቃል ነቅቶ ነበር፤ ኢንግቪል ቀድማ አይታዋለች። ጋሽ ገነነ አልጋው አጠገብ ቆመ። «ይልቃል፣ ልጄ... እንግዲህ የሰው ልጅ...» አለ። አቋርጦ ወደ መስኮቱ ዞረ። እማዬን አየሁ፤ አልቻለችም።

የተናገርኩት እኔ ነኝ። «ይልቃል፣ አድነው ነኝ። አባዬ ሞቷል። በመኪናው አደጋ። ቀብረነዋል። ያልነገርንህ ፈርተን ነው።»

ሌላ መርዶ ቢሆን ሁላችንም እንጮህ ነበር። ማንም አልቀደመውም።

ትንፋሹ ፈጠነ። ዓይኑ ወደ እኔ... ከዚያ ወደ እማዬ። ዓይኑ ድሮም ያነባል፣ ድርቀት ነው ይላሉ። ይሄ ግን ድምፅ ነበረው። ዝቅ ያለ፣ ሻካራ፣ ከሆዱ። የወንድሜን ድምፅ ከኖቬምበር ወዲህ አልሰማሁም ነበር። እማዬ ደረቱ ላይ ወደቀች። እኔም አለቀስኩ፣ በቀብሩ ቀን ያላለቀስኩትን ሁሉ።

በኋላ ጋሽ ገነነ ከኮሪደሩ ወንበር አመጣና አልጋውን ከበን ተቀመጥን። ነርሷ ገብታ እስከ ስንት ሰዓት እንደምንቆይ ጠየቀች።

«ሐዘን ተቀምጠናል በላት» አለችኝ እማዬ።

ያንን በኖርስክ፣ በእነሱ ቋንቋ፣ እንዴት ይሉታል? «ወንድሜ አባቱ ሞቶበታል» አልኳት።

ነርሷ ወደ እኔ አልመጣችም። አልጋው ጋ ሄዳ ጎንበስ አለች፣ የይልቃልን እጅ ያዘችና ለእሱ፣ ለራሱ፣ «በጣም አዝናለሁ» አለችው።