የጋሼ ታደሰ የእጅ ዋጋ

ቅዳሜ፣ ማርች 14፣ 2015

ዛሬ ጋሼ ታደሰ ጨጓራዬን ላጡት። የጥቁሯን ማስታንግ መኪናዬን ሞተር በትንሽ ገንዘብ ለማሳደስ ያልሆንኩት የለም። ያገለገለ የሞተር ቴስታታ ፍለጋ ሃውቶርን የሚባል ከተማ ድረስ ሄጃለሁ፤ ፒስተኑን በቅናሽ፣ ሴል እስኪወጣ ጠብቄ ነው የገዛሁት። ባጀቱ ላይ የቀረኝ የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ሞተሩን የሚሠሩልኝ ጋሼ ታደሰ አልናገር አሉ።

ዛሬም ዌስት አዳምስ ሰፈር ያለው ጋራዣቸው ሄጄ፣ «ጋሼ፣ ለእጅዎ ስንት ልያዝ?» አልኳቸው።

«ተው እንጂ። እኔና አንተ ዋጋ ልንነጋገር?»

ተቀየሙኝ። ሌላ ጋራዥ የዋጋ ኢስቲሜት ልጠይቅ ብል ወሬው ከኔ ቀድሞ ሀበሻው ሁሉ የሚውልበት ፌርፋክስ ይደርሳል። ደግሞም ሞተሩን ፈታተው ወለሉ ላይ ዘርግተውታል።

እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ብቻ ለሰርጉ ይድረስልን» አሉ።

«ምኑ?»

«ሞተሩ ነዋ። ሙሽራዋ በምን ልትሄድ ነው?»

ልጃቸው ከፋሲካ በኋላ እንደምታገባ አውቃለሁ። በኔ መኪና መሆኑን ግን ፎቶ አንሺው ሳይቀር ሲያውቅ እኔ አልሰማሁም። ያገለገለ የሞተር ክራንክሻፍት እስኪገኝ፣ እስከ ኦገስትም ቢሆን እጠብቃለሁ ብዬ ነበር ያቀድኩት። አሁን አዲስ መግዛት ሊኖርብኝ ነው፣ ያውም በኤክስፕረስ የሚላክ።

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ሞተሬ መሬት ላይ ተበትኖ ሌላ ምን እላለሁ?

በሩ ጋ ስደርስ ጠሩኝ። ዋጋውን ሊነግሩኝ መስሎኝ ዞርኩ።

«ጥቁር ቀለም ግን» አሉኝ፣ «ለሙሽራ ደስ አይልም።»